የጠገራ ብርና የምኒልክ ብር ደረጃ እንዴት ይታወቃል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባሎች የተደረገ ንግግር)



 ባለፈው ጉባኤ ከእኛ ጋር ተቀምጠው የነበሩ፣ ዛሬ ግን ስማቸው በመዝገብ ብቻ የቀረውን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን። ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ዛሬ የምናገርበት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ዕድርና የድሮ ብር ምን አገናኛቸው? ድንኳን የሚተክልና ቀብር የሚያስፈጽም ማኅበር ስለ ጠገራ ብር ምን አገባው? ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በጣም የሚገናኙ ይመስለኛል። የአያት ብር ከሣጥን የሚወጣው መቼ ነው? ሠልስቱ አልፎ፣ አርባው ወጥቶ፣ ልጆች የእናታቸውን ሣጥን ሲከፍቱ እኮ ነው። በዚያን ጊዜ ኀዘኑ ገና አልበረደም፤ ገንዘብም ያስፈልጋል፤ ስለ ብሩ የሚያውቅ ሰውም በቤቱ የለም። ገዥው ግን ያውቃል። ዐዋቂና አላዋቂ የተገናኙበት ገበያ ለማን እንደሚያደላ ለእናንተ መንገር አያሻም።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የንብረት መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬም ዕቃ ሲገባና ሲወጣ «አዲስ»፣ «ያገለገለ»፣ «የተሰበረ»፣ «ከጥቅም ውጭ የሆነ» እያልኩ ሁኔታውን መጻፍ ነበር። ከዚያ ሥራ ያተረፍኩት ትምህርት አንድ ነው፤ ያየኸውን ጻፍ፣ የተመኘኸውን አትጻፍ የሚል ነው። የድሮ ብር ደረጃ ማውጣትም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። ዓይንና ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል።

በየሣጥናችን የሚገኙት ብሮች

ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ጠገራ ብር የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ስትሆን ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። በብሩ ላይ የተጻፈውም ዓመት ይኸው 1780 ነው። ታዲያ በዚህ ቁጥር እንዳትታለሉ አደራ እላለሁ። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ነጋዴው ይህንኑ መልክ እንጂ ሌላውን አልቀበልም ስላለ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ እስካለንበት ዘመን ድረስ ሲታተም ኖሯል። በቪየና፣ በሚላኖና በቬኒስ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ወሰደችና በሮማ አሳተመችው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም እያሉ ሌሎቹም ቀጠሉበት። ስለዚህ 1780 የሚል ቁጥር አይቶ «የእኛ ብር ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» ብሎ መማል አይቻልም። ምናልባት የአባታችን እኩያ ይሆናል።

የዚህ ብር ክብደት 28.07 ግራም፣ ስፋቱ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ወርቅ ሲመዘን ወቄት የሚባለውም መለኪያ የአንድ ጠገራ ብር ክብደት እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ዐፄ ምኒልክ አገሪቱ የራስዋ ገንዘብ እንዲኖራት በ1885 ዓ.ም. ዐወጁ፤ ብሩም በፓሪስ ታተመ። የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ነው። በአንድ ወገን ዘውድ የደፋው የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ወገን አንበሳው አለበት። ሕዝቡ ጠገራውን ለምዶ ስለ ነበረ ክብደቱ ከርሱ ጋር እንዲስተካከል ሆኖ 28.075 ግራም ተደረገ፤ ንጹሕ ብሩም ከ1000 እጅ 835 ነው። ግማሹ አላድ፣ ከዚያ በታች ሩብና ተሙን አብረው ታትመዋል። ያም ሆኖ ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት አልቻለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ።

ሦስተኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ፣ ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው አዲስ ገንዘብ ጋር የወጣው ባለ 50 ሳንቲም ነው። ከዚያ ዐይነት ሳንቲሞች ውስጥ ከብር የተሠራው ይህ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የመዳብ ናቸው። ክብደቱ 7 ግራም ያህል ሲሆን 1936 የሚል ዓመት አለበት። ዛሬ በይበልጥ የምናገረው ግን ስለ ሁለቱ ታላላቆች ነው።

ማለቅ ከየት ይጀምራል?

የበራችሁን መድረክ ድንጋይ ልብ ብላችሁ እዩት። እግር የሚበዛበት ቦታ ተልጓል፤ ዳርና ዳሩ ግን እንደ ነበረ ነው። ብርም እንዲሁ ነው። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከረጢት ወደ ከረጢት ሲመላለስ መጀመሪያ የሚያልቀው ከሁሉ ከፍ ብሎ የተቀረጸው ቦታ ነው። ስለዚህ ብሩን የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው እነዚያ ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ነው።

በጠገራ ብር ላይ ከግንባሯ በላይ ያለውን ጠጕር፣ ከራሷ ላይ የወረደውን ሻሽ፣ በትከሻዋም ላይ ያለውን ጌጥ እዩ። ንግሥቲቱ ባሏ ከሞተ በኋላ የባልቴት ሻሽ ለብሳ ነው የተቀረጸችው። በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ዘጠኝ ዕንቁዎች አሉ። ዘጠኙ አንድ በአንድ ተለይተው ከተቈጠሩ ብሩ ብዙ አላለቀም ማለት ነው። ተያይዘው እንደ ቀለበት ከሆኑ መካከለኛ ነው። ጌጡ አንድ ጉብታ ብቻ ሆኖ ከቀረ አልቋል። በጀርባው ደግሞ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፤ በርሱም ላይ የደረቱ ጋሻና የክንፉ ላባ ይታያል።

ይህ አዲስ ፈረንጅ አመጣሽ ዕውቀት እንዳይመስላችሁ። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ጠገራ ሲቀበሉ የጌጡንና የዘውዱን ዕንቁ በጣታቸው እየቈጠሩ፣ ከመልኩ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች እያዩ፣ አንዱ ከጐደለ «አልቀበልም» ይሉ ነበር። ፊደሎቹ ጉንትስቡርግ በምትባል ከተማ የነበሩ የማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ነጋዴው ይህን ባያውቅም ምልክቱን ያውቅ ነበር። አባቶቻችን ደረጃ አውጪዎች ነበሩ፤ እኛ ነን የዘነጋነው።

በምኒልክ ብር ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ጉንጭና ጢም፣ የዘውዱንም ጌጥ ተመልከቱ። በአንበሳው ወገን ጎፈሩንና የኋላ እግሩን ጭን እዩ። የጎፈሩ ጠጕር እንደ ተበጠረ ቀጭን ቀጭን መስመር ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው። ጎፈሩ እንደ ሸማ ልሙጥ ከሆነ ብዙ እጅ አልፎበታል።

በዚህ ላይ ዓመቱን በደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። ቁጥሩ በግእዝ የተጻፈ ስለ ሆነ ፲፰፻፹፯ና ፲፰፻፹፱ የሚለያዩት በመጨረሻው ምልክት ብቻ ነው። ያለቀ ብር ላይ ፯ና ፱ ሊምታቱ ይችላሉ። የ1887ቱ ብር ከ1889ኙ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው የታተመው፤ ስለዚህም ልዩነቱ በዋጋ ላይ ይታያል። ቁጥሩን በማጉያ መነጽር ሳያዩ «1887 ነው» ማለት፣ እንዲሁም ሳያዩ «1889 ነው» ብሎ መሸጥ ሁለቱም አይገባም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። አንዳንድ ብር ከመጀመሪያውም ሲታተም ማተሚያው በደንብ ሳያርፍበት ይቀራል። ያን ጊዜ ጠጕሩ ወይም ላባው ደብዝዞ ይወጣል፤ ነገር ግን በእጅ ብዛት አላለቀም። ሁለቱ በምን ይለያሉ? ያለቀ ቦታ ሲያዩት ፈዞና ልሙጥ ሆኖ ቀለሙ ከአካባቢው ይለያል። ሳይታተም የቀረው ቦታ ግን ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ጸዳል አለው። ይህን ለማየት ብሩን ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ ከበታቹ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ፣ ከአንድ መስኮት ወይም ከአንድ አምፑል በሚመጣ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ማዘንበል ነው። በአዲስ ብር ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ሆኖ ይዞራል። በተፈተገ ብር ላይ ግን አይዞርም፤ ባለበት ያብረቀርቃል እንጂ።

ደረጃዎቹ

በውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ቁጥር ይጠቀማሉ። ይህን ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከ60 ጀምሮ ያለው እጅ ያላለፈበት ብር ነው። እኛ ይህን ሁሉ ቁጥር መሸከም አያስፈልገንም። ለቤት ሥራ ሰባት ደረጃ ይበቃናል።

1ኛ/ ያለቀ። የማን ብር እንደ ሆነ ይታወቃል እንጂ ጽሕፈቱ በከፊል ጠፍቷል።

2ኛ/ ያረጀ። ጽሕፈቱ ሁሉ ይነበባል፤ መልኩ ግን እንደ ጥላ ብቻ ነው። ጠጕር፣ ላባ፣ ጎፈር የሚባል ነገር አይለይም።

3ኛ/ መካከለኛ። የመልኩ ዋና ዋና ክፍሎች ይለያሉ። የጠገራው ጌጥ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ዕንቁዎቹ ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የሚቈጠሩት።

4ኛ/ ጥሩ። ዕንቁዎቹ አብዛኞቹ ይቈጠራሉ፤ ጎፈሩ ግማሹ ይታያል። ከሣጥን የሚወጡት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ናቸው።

5ኛ/ በጣም ጥሩ። ሁሉም ነገር ጥርት ብሏል። ከፍተኛዎቹ ቦታዎች ብቻ ጥቂት ተልገዋል።

6ኛ/ ለአዲስ የቀረበ። መላጉ የሚታወቀው ብሩን ሲያዘነብሉት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጸዳሉ በአብዛኛው አለ።

7ኛ/ እጅ ያላለፈበት። አንድም የመላግ ምልክት የለውም። ከረጢት ውስጥ ከሌላ ብር ጋር የተጋጨበት ጭረት ግን ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ከአዲስነቱ አያወጣውም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፊቱና ጀርባው ደረጃቸው የተለያየ ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፉ። ሁለተኛ፣ በሁለት ደረጃዎች መካከል ከተቸገራችሁ ዝቅተኛውን ያዙ። ገዥ ሲመጣ ከፍ አድርገን ጽፈን ከምናፍር ዝቅ አድርገን ጽፈን ብንመሰገን ይሻላል።

የገጹ ሁኔታ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማለቅ ነው። ይህ ግን ግማሹ ነው። ሁለት ብሮች በማለቅ እኩል ሆነው በገጻቸው ሁኔታ እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥቁረት፦ ብር ሲቆይ የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። የእንቁላል፣ የላስቲክ፣ የሱፍ ጨርቅና የጭስ ድኝ ያጠቁረዋል። ይህ ጥቁረት እኩል የተኛ፣ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊና ወደ ወርቃማ የሚያደላ ሲሆን እንደ ጉዳት አይቈጠርም። እንዲያውም ብሩ ለረጅም ጊዜ እንዳልተነካ ምስክር ነው። ሰብሳቢ የሚወደው ይህንኑ ነው።

አረንጓዴ ነገር፦ በብሩ ውስጥ መዳብ ስላለ እርጥበት ሲያገኘው የመዳብ ዝገት ይወጣዋል። አንዳንድ ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢትም ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ይለቅበታል። ይህ ጉዳት ነው፤ ብሩን እየበላው ይሄዳልና ከዚያ ከረጢት ማውጣት ይገባል።

ፍትጊያ፦ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። የእኛ ቤት ልማድ ምንድን ነው? ብር ከጠቆረ በአመድና በሎሚ መፈተግ ነው። አሁን ደግሞ በጥርስ ሳሙና ይፈትጉታል። ለመስቀልና ለአምባር ይህ ሊሆን ይችላል። ለገንዘብ ግን አይሆንም! አመድ ጭረት ያወጣል፤ ጭረቱም ከብሩ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን ጸዳል ይዞ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ የሚመልሰው አንጥረኛ የለም። የተፈተገ ብር በመነጽር ሲታይ በአንድ አቅጣጫ የሄዱ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ መስመሮች አሉበት። መልኩና ሜዳው ነጭ ሆኖ በፊደሎቹ ሥር ግን ጥቁር እድፍ ተሰግስጎ ይቀራል። ይህ ምልክት የማያሳስት ነው። አምስተኛ ደረጃ የነበረ ብር ከተፈተገ «በጣም ጥሩ፣ ነገር ግን የተፈተገ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዋጋውም ይወድቃል።

ስለዚህ ነገር አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም። ሦስት ልጆች የእናታቸውን አሥራ ሁለት ጠገራ ብር ለመካፈል ተቀመጡ። ስድስቱ የሚያብረቀርቁ፣ ስድስቱ ጥቁር ነበሩ። ታላቅየው «እኔ የበኩር ልጅ ነኝ» ብሎ የሚያብረቀርቁትን አራቱን አነሣ። ሁለተኛው የቀሩትን ሁለትና ሁለት ጥቁሮች ወሰደ። ለታናሽ እኅታቸው፣ እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እርሷ ናት፣ አራት ጥቁሮች ደረሷት። እርሷም አልቅሳ ዝም አለች። ወሬው ሽማግሌዎች ዘንድ ደርሶ «አንተ የመዝገብ ሰው ነህ፣ እስቲ ጻፍልን» ተባልኩና ሄድኩ። እያንዳንዱን ብር በመስኮት ብርሃን አየነው። የሚያብረቀርቁት ስድስቱም በአመድ የተፈተጉ ነበሩ። ከጥቁሮቹ ውስጥ ሦስቱ የትከሻው ዕንቁ ዘጠኝ ሆኖ የሚቈጠርባቸው፣ ጸዳላቸው ከጥቁረቱ በታች ያለ፣ ስድስተኛ ደረጃ የሚሰጣቸው ነበሩ፤ ሦስቱም በእኅትየው ድርሻ ውስጥ ተገኙ። ይህ በታወቀ ጊዜ ታላቅየው «እንግዲያው እንደ ገና እንካፈል» አለ!

ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ? አሥራ ሁለቱም ብሮች በወረቀት ላይ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ደረጃቸውና የገጻቸው ሁኔታ ተጻፈ። ከዚያም በአራት በአራት ሦስት መደብ ተደርገው መልካምና መጥፎው ተደባለቀና መደቦቹ እንዲመጣጠኑ ተደረገ። በመጨረሻም ዕጣ ተጣለ። እኅትየው ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት «እኔ አንዲት ብቻ እመርጣለሁ፤ እናቴ በትራሷ ሥር ትይዛት የነበረችውን» አለች። ያቺ ብር ደግሞ ከሁሉም ያለቀች፣ ሁለተኛ ደረጃ ያላት ነበረች። ወንድሞቿ ሁለቱም ራሳቸውን አቀረቀሩ። ብሯም ከዕጣው ውጭ ሆና ተሰጠቻት፤ ታላቅየውም ከመደቡ አንድ ተቀነሰበት። ያ ወረቀት ባይጻፍ ኖሮ ሦስቱ ዛሬ በአንድ ዕድር ባልተቀመጡም ነበር።

ቀዳዳና ማንጠልጠያ፦ ብዙ ብሮች ለድሪ ወይም ለአንገት ጌጥ ተበስተዋል፤ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል። በገንዘብነቱ «የተበሳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ማንጠልጠያውን አስነቅሎ ቀዳዳውን ማስደፈን ግን ይብሳል፤ በመነጽር ይታያልና። ከዚህም በላይ ድሪው ሙሉ ከሆነ እንደ ድሪነቱ መገመት አለበት እንጂ ብሮቹን እያወለቁ መሸጥ አይገባም። የተሠራ ጌጥ የተሠራ ጌጥ ነው።

እውነተኛነቱን ስለ መመርመር

ከደረጃው በፊት ብሩ እውነተኛ መሆኑ ይታወቅ። በቤት የሚደረጉ አራት ምርመራዎች አሉ።

አንደኛ፣ ማግኔት ማስጠጋት ነው። ብርንም መዳብንም ማግኔት አይስባቸውም። ከሳበው ጉዳዩ አለቀ።

ሁለተኛ፣ መመዘን ነው። ጠገራውም የምኒልኩም 28 ግራም ከጥቂት ሊሆን ይገባል። ብዙ ያለቀ ብር ከዚያ ትንሽ ይቀንሳል። አዲስ መስሎ 25 ወይም 30 ግራም የሚመዝን ግን አጠራጣሪ ነው።

ሦስተኛ፣ ጠርዙን ማየት ነው። በጠገራው ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ጽሕፈት ጐላ ብሎ ወጥቶ ከጌጥ ጋር ይገኛል። በአሸዋ ወይም በሸክላ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ወይም የመሞረድ ምልክት ይኖረዋል፤ ገጹም ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ።

አራተኛው የውሃ ምርመራ ነው። ይህን ልጆቻችሁ በደስታ ይሠሩላችኋል። ትንሽ ዕቃ በሚመዝን የባትሪ ሚዛን ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ የብርጭቆውን ግርጌና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ ለእውነተኛ ጠገራ 2.75 ግራም ያህል ያሳያል። የብሩን ክብደት በዚህ ቁጥር ብታካፍሉት 10.2 ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ያለቀም ብር ቢሆን ክብደቱም ቁጥሩም አብረው ስለሚቀንሱ ውጤቱ ያው 10.2 ነው። ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ሐሰተኛ ብር 8.9 ያህል፣ ነሐስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሰጣል። ሲጨርሱ ብሩን ሳይፈትጉ ለስላሳ ጨርቅ ላይ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ ነው።

ድሮ ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማት የተለመደ ነበር። ድምፁ እውነት ይናገራል፤ ነገር ግን መጣሉ ጠርዙን ይጐዳዋል። በጣት ጫፍ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ መታ ማድረግ ይበቃል።

ዋጋውና ጥንቃቄው

የድሮ ብር ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ የብርነቱ ዋጋ ነው። በአንድ ጠገራ ወይም በአንድ የምኒልክ ብር ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ ጠይቃችሁ በዚህ ብታባዙ ወለሉን ታገኛላችሁ። ከዚያ በታች የሚሰጥ ሰው እየረዳችሁ አይደለም። ሁለተኛው ሰብሳቢ የሚሰጠው ዋጋ ነው፤ ይህ በደረጃው፣ በገጹ፣ በዓመቱና በብርቅነቱ ይወሰናል። የታወቀና በብዛት የታተመ ጠገራ ሲሆን ሁለቱ ዋጋዎች ብዙም አይራራቁም። ጥሩ ደረጃ ያለው የምኒልክ ብር ሲሆን ግን በሚዛን መሸጥ ትልቅ ጉዳት ነው። ስለዚህ «ሁሉንም በኪሎ ልግዛችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ ለየብቻ ይታይ በሉት።

የቅርስ ጉዳይም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ የድሮ ብር ይዞ ከመሄዱ በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ። በአየር ማረፊያ ከመዋረድ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላልና ንግግሬን በሐሳብ ልደምድም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሕይወት ሳለ በሣጥኑ ያለውን ብር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ተራ ቁጥር፣ የማን ብር፣ ዓመት፣ ክብደት፣ ደረጃ፣ የገጽ ሁኔታ፤ ስድስት ዓምድ ብቻ ነው። ከጎኑም ብሩ ከማን እንደ መጣ አንድ መስመር ይጨምር፤ ይህን ከሞትን በኋላ የሚነግርልን የለም።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ብር አይፈትግ። እያንዳንዱን ለየብቻ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው።

ሦስተኛ፣ ገማችና ገዥ አንድ ሰው አይሁን። ብሩን የሚገዛው ሰው ደረጃውን ከነገረን፣ ዳኛውም ከሳሹም እርሱ ሆነ ማለት ነው። በኀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ለመሸጥ ሲገደድ ከዕድሩ ሁለት ሰዎች አብረው ይቀመጡ። እነርሱም ያዩትን ጽፈው ለቤተሰቡ ይስጡ እንጂ ከሽያጩ ምንም አይቀበሉ።

አራተኛ፣ ዕድሩ አንድ ትንሽ ሚዛንና አንድ ማጉያ መነጽር ገዝቶ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ያስቀምጥ። ወጪው ከአንድ ድንኳን ማሳደሻ አይበልጥም። ያስፈለገው አባል ፈርሞ ይዋስ፣ ፈርሞም ይመልስ። የመዝገቡን አያያዝ እኔ ያለ ክፍያ ልሠራ ፈቃደኛ ነኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። ይህም ዕውቀት እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲያውቀው መጠቃቀሚያ ይሆናል፤ ሁላችንም ስናውቀው ግን የባልቴቷንና የየቲሙን ድርሻ ይጠብቃል። ዕድራችን ሬሳውን በክብር ካሳረፈ በኋላ ቀሪው ቤተሰብ እንዳይታለል ቢጠብቅ ከሥራው አልወጣም፤ ሥራውን ጨረሰ እንጂ።

ውሳኔው የጉባኤው ነው።